ከቤት እስከ ቢሮ፦ ለአካል ጉዳተኛ ወገኖቻችን ድጋፍ የት ይገኛል? እንዴትስ ይጠየቃል?



ከጥቂት ወራት በፊት፣ በአዲስ አበባ ስታዲየም አጠገብ ከፍ ብሎ በተሠራው የቀላል ባቡር ጣቢያ ደረጃ ላይ አንዲት እናት ልጅ አዝላ ስትወርድ አገኘናት። ልጁ ሕፃን አልነበረም፤ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል። እግሮቹ ከእናቱ ጉልበት በታች ተንጠልጥለዋል። እርስዋ በአንድ እጅዋ የደረጃውን ብረት ይዛ፣ በየአራት በየአምስት ደረጃው እየቆመች ትተነፍሳለች። ልጁ ሲወለድ በአንጎሉ ላይ በደረሰ ጉዳት ምክንያት፣ ሐኪሞች ሴሬብራል ፓልሲ በሚሉት ችግር፣ ያለ ድጋፍ መቀመጥም መቆምም አይችልም።

«እስከ መቼ ታዝይዋለሽ?» ብለን ጠየቅናት።

«እስከቻልኩ ድረስ ነዋ። እሱ በየዓመቱ ይጨምራል፤ እኔ በየዓመቱ እቀንሳለሁ» አለችን።

ከዚህ ቀደም ሦስት ጊዜ ወደ ጽሕፈት ቤት ሄዳ እንደ ነበር ነገረችን። አንድ ጊዜ «የሕክምና ማስረጃ አምጪ»፣ ሌላ ጊዜ «ፋይልሽ እዚህ የለም»፣ በሦስተኛው ደግሞ «ምንድን ነው የምትጠይቂው?» ተባለች። ይህች እኅታችን የምትፈልገውን ታውቃለች፤ የነገሩን ስም ግን አታውቅም። «እርዱኝ» ብቻ አለች። «እርዱኝ» ለሚለው ቃል ደግሞ በየትኛውም ቢሮ የተዘጋጀ ፎርም የለም።

ከጉባኤያትና ከፕሮጀክት ሠራተኞቻችን በየጊዜው የሚደርሱን ደብዳቤዎችም ይህንኑ ይመስላሉ። «በመካከላችን አካል ጉዳተኛ አለ፤ ወዴት እንላከው? ምን ይዞ ይሂድ?» ይሉናል። በዚህ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት እንሞክራለን። ለምሳሌነት የወሰድነው ስታዲየምና ካዛንቺስ የሚገኙበትን የቂርቆስ ክፍለ ከተማን አካባቢ ነው። ይሁን እንጂ የአሠራሩ ቅደም ተከተል በሌላም ስፍራ ላላችሁ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

መብት መሆኑን ስለ ማወቅ

ከሁሉ አስቀድሞ ልናስተውለው የሚገባን፣ ድጋፍ ሊጠይቅ የሚሄድ አካል ጉዳተኛ ለልመና የወጣ ሰው አለመሆኑን ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41፣ ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን፣ አረጋውያንንና አሳዳጊ የሌላቸውን ልጆች የመርዳትና የማቋቋም ግዴታ እንዳለበት ያመለክታል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላለች። የአካል ጉዳተኞችን ሥራ የማግኘት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000ም ከዚህ በፊት ወጥቷል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲም አካል ጉዳተኞችን ድጋፍ ከሚገባቸው ወገኖች መካከል ይቆጥራል።

ነገሩ ትናንት የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 በመናገሻ የቼሻየር ማዕከል ተከፍቶ በፖሊዮ የተጎዱ ልጆችን መርዳት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ በትእዛዝ ቁጥር 70 በዚያን ጊዜ «አካለ ስንኩላን» ይባሉ የነበሩትን ወገኖች የሚያቋቁም የመንግሥት ድርጅት ተመሠረተ። ዛሬ «አካል ጉዳተኛ» የምንለው ጉዳቱ የሰውየው አንድ ገጽታ እንጂ ሰውየው ራሱ ስላልሆነ ነው።

ይሁን እንጂ ሕጉ «አቅም በፈቀደ መጠን» ማለቱን መዘንጋት አይገባም። አቅሙ ውስን ሲሆን ሰልፉ ረጅም ነው። በሰልፉ ውስጥ ማስረጃው የተሟላና ጥያቄው ግልጽ የሆነ ሰው ቀድሞ መልስ ያገኛል። አመልካቹን በወረቀት የመርዳት ጥቅሙም ከዚህ ላይ ነው።

ከቢሮው በፊት ሰውየውን መፈለግ

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በመላ አገሪቱ አካል ጉዳተኛ ሆነው የተመዘገቡት 864,218 ሰዎች ነበሩ። ይህም ከመቶ አንድ ገደማ መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ከመቶ ሰዎች አሥራ ስድስቱ ከፍ ያለ ጉዳት ያለባቸው መሆናቸውን ገልጿል። ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ነው። አንዱ ምክንያት ጥያቄው የሚቀርብበት መንገድ መለያየቱ ሲሆን፣ ሌላው ግን ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ ብዙ ቤተሰብ አካል ጉዳተኛ ልጁን እንደ እርግማን ቆጥሮ በጓዳ ይደብቀዋል። ቆጣሪ ቢመጣም «የለም» ይላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ፍለጋ የቢሮ ፍለጋ ሳይሆን የሰው ፍለጋ ነው። የጎረቤትን ጓዳ ከጎረቤት፣ ከዕድር ዳኛና ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በጉባኤ ውስጥም «ከቤታችሁ ወደዚህ ሊመጣ ያልቻለ ማን አለ?» ብሎ በየጊዜው መጠየቅ ብዙ የተደበቀውን ያወጣል።

አንደኛ፦ ሐኪም ዘንድ መቅረብ

ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ ወረዳ ይሮጣል። ወረዳው ግን በዓይን አይቶ ጉዳትን መመስከር አይችልም፤ የሐኪም ቃል ይፈልጋል። ስለዚህ መነሻው በአቅራቢያ ያለው ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያም በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ይኬዳል። በስታዲየም አካባቢ ላለ ሰው ዘውዲቱና ጥቁር አንበሳ ሆስፒታሎች ሩቅ አይደሉም።

ሐኪሙን ማስቀደም ሌላም ትልቅ ምክንያት አለው። አካል ጉዳት ተብሎ ለዘላለም የተተወው ነገር አንዳንድ ጊዜ የሚድን ሕመም ሆኖ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ የተደረገው አገር አቀፍ የዓይን ጥናት እንዳሳየው የዓይነ ስውርነት ግማሹ የሚመጣው ከዓይን ሞራ ነው። የዓይን ሞራ ደግሞ በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚወገድ ነው። በቤቷ ተቀምጣ በልጅ ልጆቿ የምትመራ አሮጊት ከነጭ በትር ይልቅ የሚያስፈልጋት የሐኪም ቀጠሮ ሊሆን ይችላል። እንደዚሁም እግሩ ቆልማማ ሆኖ የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወደ ሐኪም ከተወሰደ፣ በየሳምንቱ በሚቀያየር ጀሶ ቀስ በቀስ እየተቃና፣ ከዚያም ለተወሰኑ ዓመታት በልዩ ጫማ እየተደገፈ እንደ ማንኛውም ልጅ ይሄዳል። በአዲስ አበባ የሚገኘው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ይህንና ሌሎችንም የአጥንት ችግሮች ያክማል። ዓመታት ባለፉ ቁጥር ግን ማቃናቱ እየከበደ ይሄዳል።

የማይድን ጉዳት ከሆነ ደግሞ የሕክምና ማስረጃው በሚገባ እንዲጻፍ መጠየቅ ይገባል። «ሕመምተኛ ነው» የሚል ወረቀት እምብዛም አይጠቅምም። ጥሩ ማስረጃ አራት ነገሮችን ይናገራል፦ የጉዳቱን ዓይነት፣ ጉዳቱ ዘላቂ መሆን አለመሆኑን፣ ሰውየው ምን ማድረግ እንደማይችል፣ ምን ዓይነት መርጃ መሣሪያ ወይም ክትትል እንደሚያስፈልገው። ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም እንዳለው ሳያረጋግጡ ከሆስፒታሉ በር መውጣት ሌላ የመመላለሻ ቀን መግዛት ነው።

ሁለተኛ፦ ወደ ወረዳ መሄድ

በአዲስ አበባ አካል ጉዳተኞችን የሚመለከተው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ሲሆን፣ በክፍለ ከተማና በወረዳም ጽሕፈት ቤቶች አሉት። አመልካቹ የሚጀምረው ከሚኖርበት ወረዳ ነው። ይዞ የሚሄደውም የነዋሪነት መታወቂያ፣ የሕክምና ማስረጃው ዋናውና ሁለት ወይም ሦስት ፎቶ ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ለልጅ ከሆነም የልደት የምስክር ወረቀት ነው። የፋይዳ መታወቂያ ያላወጣ ሰው ቢያወጣ መልካም ነው። የፋይዳ ምዝገባ የጣት አሻራና የዓይን ምስል ስለሚጠይቅ፣ እጁ ወይም ዓይኑ የተጎዳ ሰው ይህንን ለመዝጋቢው አስቀድሞ ይንገር።

በወረዳ ቢያንስ ሦስት ነገሮች በስማቸው ተለይተው ሊጠየቁ ይገባል።

የመጀመሪያው የማኅበረሰብ ጤና መድን ነው። ቤተሰቡ ዓመታዊ መዋጮውን መክፈል የማይችል ከሆነ፣ የመክፈል አቅም የሌላቸው ተብለው ከሚመዘገቡት ጋር እንዲቆጠር ይጠየቃል፤ የእነዚህን መዋጮ መንግሥት ይሸፍናል። መድኑ የሚሠራው ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ለሚሄድ ሰው ስለሆነ ቅደም ተከተሉን መዝለል ክፍያ ያስከትላል። መድኑ የማይሸፍነውንም አስቀድሞ መጠየቅ ከድንገተኛ ወጪ ያድናል።

ሁለተኛው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ነው። ይህ ፕሮግራም በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች 10 ከተሞች የተጀመረ ሲሆን ከዚያም በሌላ ምዕራፍ ቀጥሏል። መሥራት የሚችሉት ድሆች በአካባቢ ሥራ ተሰማርተው ክፍያ ያገኛሉ። በአካል ጉዳት፣ በእርጅና ወይም በጽኑ ሕመም ምክንያት መሥራት የማይችሉት ደግሞ ያለ ሥራ የሚከፈል «ቀጥተኛ ድጋፍ» አላቸው። ብዙ ሰው ይህን ሁለተኛውን ክፍል አያውቅም። «ድንጋይ መሸከም አልችልም፤ ስለዚህ አይመለከተኝም» ብሎ ይቀራል። ተጠቃሚዎችን የሚለየው በሰፈር የሚቋቋም ኮሚቴ ሲሆን ምልመላው በየቀኑ የሚካሄድ አይደለም። በምልመላው ሰሞን ስሙን ያላስመዘገበ የሚቀጥለውን ዙር ይጠብቃል። ስሙ ሳይወጣ የቀረ ሰው ለቅሬታ ሰሚው ማመልከት ይችላል።

ሦስተኛው የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ይህ ወረቀት ብዙ ጊዜ ይናቃል፤ ነገር ግን ብዙ በር የሚከፍተው እርሱ ነው። ተሽከርካሪ ወንበር፣ ሰው ሠራሽ እግር፣ የመስሚያ መሣሪያ ወይም የትምህርት ቤት ቦታ የሚሰጡ ድርጅቶች አመልካቹ በእርግጥ የወረዳው ነዋሪና አቅም የሌለው መሆኑን የሚመሰክር ደብዳቤ ይጠይቃሉ።

ሰፈር ለቅቆ መሄድ

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ እንጨምራለን። በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ በተካሄደው የኮሪደርና የመልሶ ማልማት ሥራ ብዙ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎች ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛውረዋል። በመግቢያችን የጠቀስናት እናትም ከእነዚሁ አንዷ ናት። ዛሬ የምትኖረው በከተማዋ ዳርቻ ሲሆን፣ ለልጁ ክትትል ከቃሊቲ በባቡር ተሳፍራ ስታዲየም ትወርዳለች። ቤተሰብ ከወረዳ ወደ ወረዳ ሲዛወር መሸኛ ይሰጠዋል። ነገር ግን በመሸኛው ላይ አካል ጉዳተኛ በቤቱ መኖሩ፣ የጤና መድን ተጠቃሚነቱና በተራ መጠበቂያ መዝገብ ላይ ያለበት ሁኔታ ካልተጠቀሰ፣ በአዲሱ ወረዳ እንደ እንግዳ ከመጀመሪያው ይጀምራል። የዚህች እናት ነገር የተደናቀፈው በዚሁ ነበር። ስለሆነም ከካዛንቺስም ሆነ ከሌላ ስፍራ የተዛወሩ ወገኖች ያሉባቸው ጉባኤያት፣ የፋይሉ ቅጂ በደብዳቤ ወደ አዲሱ ወረዳ እንዲላክ የቀድሞውን ወረዳ ይጠይቁ።

ሦስተኛ፦ አገልግሎቱ ራሱ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው የማኅበረሰብ አቀፍ ተሃድሶ መመሪያ የአካል ጉዳተኛን ፍላጎት በአምስት ይከፍለዋል። እነርሱም ጤና፣ ትምህርት፣ መተዳደሪያ፣ ማኅበራዊ ኑሮና ራስን ማስቻል ናቸው። በአገራችን የጎንደር ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉ ተቋማት በዚህ መንገድ ወደ መንደር ወርደው ይሠራሉ። የፕሮጀክት ሠራተኞቻችን አንድን ቤተሰብ ሲጎበኙ እነዚህን አምስት ቃላት በማስታወሻ ደብተራቸው ላይ ጽፈው በእያንዳንዱ ሥር ምን እንደጎደለ ቢመዘግቡ ብዙ ነገር ይገለጥላቸዋል። ተሽከርካሪ ወንበር ተሰጥቶት ዓመት ሙሉ ከግቢ ያልወጣ ሰው ከአምስቱ የደረሰው አንዱ ብቻ ነውና።

ስለ መርጃ መሣሪያ፦ በአዲስ አበባ ሰው ሠራሽ አካል የሚሠራ ማዕከል አለ። ለሥጋ ደዌ ሕሙማን እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው አለርት ሆስፒታልም የአካል ድጋፍ መሥሪያ ክፍል አለው። የቼሻየር አገልግሎትም በመናገሻ ሥራውን ይቀጥላል። በደሴ፣ በመቀሌና በአርባ ምንጭም የአካል ተሃድሶ ማዕከላት ስላሉ በክፍለ ሀገር ያለ ሰው ሁሉ አዲስ አበባ መምጣት የለበትም። ሰው ሠራሽ እግር አንድ ጊዜ ተወስዶ የሚያበቃ ነገር አይደለም። ልክ ይወሰዳል፣ ይሞከራል፣ መራመድ ይለመዳል። ልጅ ሲያድግም ይለወጣል። ስለዚህ የአዳርና የምግብ ወጪ አብሮ መታሰብ አለበት።

ስለ ተሽከርካሪ ወንበር ለደጋፊዎቻችን በተለይ የምንለው አለን። ወንበር ልብስ አይደለም፤ ለሁሉ በአንድ ልክ አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ ወንበር ከመሰጠቱ በፊት ሰውየው መመርመርና መለካት፣ ከተሰጠውም በኋላ አጠቃቀሙን መማርና የጥገና ክትትል ማግኘት እንዳለበት ይመክራል። በጣም ሰፊ የሆነ ወንበር ጀርባን ያጣምማል። ትራስ የሌለው ወንበር ደግሞ የማይሰማው ገላ ላይ ቁስል ያወጣል፤ ቁስሉም ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ጀርባውን መደገፍ ለማይችል ልጅ ተራ የሆስፒታል ወንበር ከሰጠነው ተንሸራትቶ ይወድቃል፤ ለእርሱ ደረትና ጭንቅላት የሚደግፍ ወንበር ያስፈልገዋል። የቤቱ በር ስፋትና በደጃፉ ያለው የኮብልስቶን መንገድም መታየት አለበት። ስለዚህ ወንበር ለመግዛት ያሰባችሁ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ባለሙያ ሰውየውን እንዲለካው አድርጉ።

ስለ ትምህርት፦ ማየት ለተሳናቸው የሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ከጥንት ይታወቃል። በአዲስ አበባ የጀርመን ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤትም ማየት የተሳናቸውን ከሚያዩት ልጆች ጋር አንድ ላይ ሲያስተምር ኖሯል። መስማት ለተሳናቸው በሆሳዕና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የመሠረተችው ትምህርት ቤት አለ። ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች በወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የተመሠረተው ጆይ ማዕከል ፈር ቀዷል። ሆኖም እነዚህ ቦታዎች ጥቂት ስለሆኑ በመጀመሪያ የሰፈሩን የመንግሥት ትምህርት ቤት መጠየቅና በክፍለ ከተማው የትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል የልዩ ፍላጎት መምህር ያለበትን ትምህርት ቤት ማወቅ ይሻላል።

ስለ ሥራ፦ በአዋጅ ቁጥር 568/2000 መሠረት ለሥራው የሚፈለገውን ችሎታ አሟልቶ ከሌሎች የተሻለ ነጥብ ያገኘ አካል ጉዳተኛ፣ የሥራው ጠባይ ካላስገደደ በቀር፣ በጉዳቱ ምክንያት ቦታውን አይከለከልም። አሠሪውም ለሥራው የሚመች ሁኔታ የማዘጋጀት ኃላፊነት አለበት።

ማኅበራትንም አንርሳ። ማየት የተሳናቸው፣ መስማት የተሳናቸው፣ የእንቅስቃሴ ጉዳት ያለባቸው፣ ከሥጋ ደዌ የተፈወሱ፣ ሴቶች አካል ጉዳተኞች፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ወላጆች፣ እያንዳንዳቸው አገር አቀፍ ማኅበር አላቸው። ማኅበራቱም በአንድ ፌዴሬሽን ሥር ተሰባስበዋል። የማኅበር አባል የሆነ ሰው አዲስ ዕድል ሲመጣ ቀድሞ ይሰማል፤ መንገዱን አስቀድሞ የሄደ ሰውም ያገኛል።

ማመልከቻ እንዴት ይጻፋል?

ማመልከቻ አጭር፣ አንድ ጉዳይ ብቻ የያዘና የሚጠየቀውን በስሙ የሚጠራ ሊሆን ይገባል። ሦስት ነገር ለመጠየቅ ሦስት ማመልከቻ መጻፍ ይሻላል። ምሳሌ እነሆ፦

ቀን …………
ለ………… ወረዳ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት
ጉዳዩ፦ ለተሽከርካሪ ወንበር የድጋፍ ደብዳቤ እንዲሰጠኝ ስለ መጠየቅ

እኔ አመልካች በወረዳው በቤት ቁጥር ………… ነዋሪ ስሆን፣ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ያለ ድጋፍ መቀመጥና መራመድ የማይችል መሆኑን ከ………… ሆስፒታል በቁጥር ………… በቀን ………… የተሰጠኝ የሕክምና ማስረጃ ያስረዳል። ልጄን ወደ ሕክምና የማደርሰው አዝዬው ሲሆን ክብደቱ ከአቅሜ በላይ ሆኗል። የቤተሰቤ የወር ገቢ ብር ………… ስለሆነ ወንበሩን ለመግዛት አልችልም። ስለዚህ አገልግሎቱን ለሚሰጠው ድርጅት የሚቀርብ የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጻፍልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ………… ገጽ ማስረጃ አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ስም ………… ፊርማ ………… ስልክ …………

ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ። አንዱ በመዝገብ ቤት ገቢ ሲሆን በሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥሩና ቀኑ ይጻፍበት። ይህ ቁጥር የሌለው ሰው ነገ ሲመለስ «መቼ አመለከትክ?» ቢባል የሚያሳየው የለውም። ዋናውን የሕክምና ማስረጃ ለማሳየት እንጂ ለመስጠት አይያዝ፤ የሚገባው ፎቶ ኮፒው ነው።

«አይሆንም» ቢባልስ?

መጀመሪያ ምክንያቱን በትሕትና መጠየቅ፣ ቢቻል በጽሑፍ እንዲሰጥ ማድረግ ነው። ብዙ ጊዜ «አይሆንም» ማለት «ይህ ወረቀት ጎድሏል» ማለት ነው። ወረቀቱ ተሟልቶም መልስ ከሌለ፣ በዚያው የቅሬታ ማቅረቢያ ክፍል፣ ቀጥሎም በክፍለ ከተማው ይቀጥላል። የአስተዳደር በደል ደርሶብኛል የሚል ሰው ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ መብቴ ተጥሷል የሚል ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ማመልከት ይችላል። ነገር ግን ከጠረጴዛው ወዲያ የተቀመጠውም ሰው ወገናችን መሆኑንና ብዙ ባለጉዳይ እንደሚጠብቀው አንርሳ። በጩኸት ከሚገኘው ይልቅ በተሟላ ፋይልና በትዕግሥት የሚገኘው ይበልጣል።

ከጉባኤያት ምን ይጠበቃል?

ገንዘብ ያስፈልጋል፤ አንክድም። ነገር ግን ካየነው ሁሉ የበለጠ የሚጎድለው አብሮ የሚሄድ ሰው ነው። ሽባውን አራት ሰዎች ተሸክመው ባያመጡት ኖሮ ከቤቱ አይወጣም ነበር። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጉባኤ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ሀ. ማንበብና መጻፍ የሚችሉ፣ የቢሮ አሠራር የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ይመደቡ። ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኞች ለዚህ ሥራ እጅግ ይጠቅማሉ።

ለ. ለእያንዳንዱ አካል ጉዳተኛ አንድ ፋይል ይከፈት። የተኬደበት ቀን፣ የተገኘው ባለሥልጣን የሥራ ድርሻ፣ የተሰጠው መልስና የሚቀጥለው ቀጠሮ ይመዝገብበት። ፋይሉ የባለቤቱ ነውና ያለ ፈቃዱ ለማንም አይታይ።

ሐ. የኮንትራት ታክሲ ዋጋ ከመባው ተለይቶ ይቀመጥ። ተሽከርካሪ ወንበር የያዘ ሰው በሚኒባስ መሄድ ያዳግተዋል፤ በስታዲየም ጣቢያም ደረጃው ይጠብቀዋል።

መ. መስማት ለተሳነው ሰው የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ይፈለግለት። ቢሮ ውስጥም ሠራተኛው ከአጃቢው ጋር ሳይሆን ከባለጉዳዩ ጋር እንዲነጋገር ይደረግ።

ሠ. ያለ ፈቃድ ፎቶግራፍ አይነሣ። የሰው ችግር የጉባኤ ማስታወቂያ አይደለም።

አንድ ፋይል እንዴት ተጓዘ?

ለዚያች እናት በጉባኤያችን ካሉ ሽማግሌዎች አንዱ፣ ለብዙ ዓመታት በመዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው፣ አብረዋት እንዲሄዱ ተጠየቁ። «ልጄ፣ በመጀመሪያ ወረቀቶችሽን ሁሉ አምጪልኝ» አሏት። ከፌስታል አውጥታ ስታሳያቸው አብዛኛው ነገር አስቀድሞ በእጅዋ ነበር። የጎደለው የቀድሞው ወረዳ ደብዳቤና የሐኪሙ ዝርዝር ማስረጃ ብቻ ነበር። ሁለቱን ለማግኘት አምስት ጊዜ ተመላለሱ። በአምስተኛው ቀን ሽማግሌው ማመልከቻውን ጻፉላት፤ እርስዋም ራስዋ አንብባ ፈረመች። «ጋሼ፣ ለካስ የምጠይቀው ነገር ስም አለው» አለቻቸው።

ዛሬ የቤተሰቡ የጤና መድን በአዲሱ ወረዳ ተመዝግቧል። ልጁ ለሚደግፈው ወንበር ተለክቷል። ባለሙያዋ ልጁን ሲመግቡት አጋድመው ሳይሆን ቀጥ አድርገው፣ ጭንቅላቱን ደግፈው እንዲሆን ለእናቱ አሳይታታለች፤ ከዚያ ወዲህ ትንታው ቀንሷል። የሴፍቲኔቱ ምልመላ ገና ስለሆነ ስሟ ተራ ይጠብቃል። ትምህርት ቤትም ገና አልተገኘለትም፤ ሽማግሌው በዚሁ ጉዳይ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ መመላለሳቸውን አላቋረጡም።

ወንበሩ እስኪደርስ ድረስ እናትየው አሁንም ልጅዋን አዝላ የስታዲየምን ደረጃ ትወርዳለች። ነገር ግን ባለፈው ቀጠሮ ከጉባኤው ወጣቶች ሁለቱ ከጣቢያው ላይ ጠበቋት፤ ልጁንም እየተቀባበሉ አወረዱት። እርስዋ ፋይሉን ይዛ ከኋላ ተከተለቻቸው።

ወገኖቻችን ሆይ፣ በአጠገባችሁም እንዲህ ያለ ደረጃ የሚወርድ ሰው ይኖራል። እባካችሁ ዛሬውኑ ስሙን ጠይቁ፤ ወረቀቶቹንም አብራችሁ ተመልከቱ።